የሚጋብዝህን አትቁጠር

የመንደራችን የመራጮች መዝገብ ላይ ዘጠኝ መቶ አሥራ አራት ስም አለ። ግብሩ እንዲያልፍ አራት መቶ ሃምሳ ስምንት ሰው «ይሁን» ማለት አለበት። ከመጣው ሰው ግማሹ አይደለም፤ ከተመዘገበው ግማሹ። ያልመጣ ሁሉ እምቢ እንዳለ ይቆጠራል። ለሥራ ኦስትሪያ የሄደው እምቢ ነው። የሞተውም፣ ልጆቹ ሄደው ካላሰረዙት፣ እምቢ ነው።

ይህን ለመምህር ስታኒሚር ሦስት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። የመንደሩ ምክር ቤት ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው። ጡረታ ሳይወጡ ጂኦግራፊ ያስተምሩ ነበር፤ እኔንም አስተምረውኛል። ስለዚህ ስነግራቸው አይሰሙኝም፤ ያርሙኛል።

ግብሩ ለማሻገሪያው ነው። ቲሳ ወንዝ ላይ በሽቦ ገመድ የሚሳብ፣ ሁለት ትራክተርና ሃያ ሰው የሚይዝ የብረት ጀልባ አለን። ማርች ላይ ተቆጣጣሪ መጣና የጀልባውን ሆድ በመዶሻ መታ መታ አደረገው። አራተኛው ላይ መዶሻው ገባ። ሰውየው መዶሻውን ታግሎ እስኪያወጣ ድረስ ሁላችንም ቆመን አየነው። ፈቃዱ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወይ ጥገና ወይ ቁርጥራጭ ብረት። ወረዳው «ግማሹን እናንተ ካወጣችሁ ግማሹን እኛ» አለ። የእኛ ግማሽ ማለት ከደሞዝም ከጡረታም ከመቶ ሁለት፣ ለሦስት ዓመት።

እኔ የምሠራው ወዲያ ማዶ ብስኩት ፋብሪካ ነው። የጠዋቱ ፈረቃ አሥራ ሁለት ሰዓት ይገባል። በጀልባው አሥራ አንድ ደቂቃ። በድልድዩ ሃምሳ አራት ኪሎ ሜትር፤ አውቶቡስ የለም።

ባለቤቴ ራዲቮይ በያጅ ነው። በፋሲካ ሰሞን ወንድሙ ከኦስትሪያ፣ ከሊንዝ ደወለ፤ ለሁለታችንም ቦታ አግኝቷል። ለእሱ ብየዳ፣ ለእኔ ሆቴል ውስጥ አልጋ ማንጠፍ። ለእናቴ ቦታ የለም። እናቴ ዳሪንካ ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አብራን ነው የምትኖረው፤ ቤቱም የሷ ነው። አንድ ጊዜ «እኔ የትም አልሄድም» አለች፣ ደግማ አላነሳችውም። እኛ ከሄድን ከተማ ያለው የአረጋውያን ማረፊያ መግባቷ ነው። ከመንደራችን እዚያ ገብቶ ሁለት ፋሲካ ያየ ሰው አላውቅም።

ከራዲቮይ ጋር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን ጨረስነው። ማሻገሪያው ከዳነ እንቀራለን፤ ካልዳነ ጃንዋሪ ላይ እንሄዳለን። እጁን ዘረጋ፣ ጨበጥኩት። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ተጨባብጠን አናውቅም ነበር።

ሴፕቴምበር ላይ መምህር ስታኒሚር ከድምፁ በፊት የት እንደቆምን ማወቅ አለብን አሉ። ቤት ለቤት እንሂድ፣ እንጠይቅ፣ እንጻፍ። ከምክር ቤቱ አምስት አባላት ሁለቱን ወገባቸውን አመማቸው፣ የአንዱ ደግሞ ሚስቱን አመማት። እኔና መምህር ቀረን።

ከመውጣታችን በፊት ደብተሬን ከፍቼ ቤታችንን ጻፍኩ። ሦስት።

የመጀመሪያውን ቀን አብረን ሄድን። አክስት ስሚሊያ ዘንድ ገና ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። ግቡ፣ ተቀመጡ፣ እንዴት ረጥባችኋል። የቼሪ ማርማላታ በትንሽ ሳህን፣ ማንኪያ፣ ቀዝቃዛ ውሃ። ከዚያ የፕሪም አረቄ። ከዚያ በአንድ እግር አይኬድም ተብሎ ሌላ አረቄ። የማሻገሪያው ነገር ሲነሳ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ያለ ማሻገሪያው ይህ መንደር ምን ሊባል ነው አሉ፤ የማግባታቸው ቀን ሠርገኛው ሁሉ በዚያ እንደተሻገረ፣ አኮርዲዮኑ ውሃ ውስጥ ወድቆ እንደነበር ነገሩን። መምህር ሳቁ። ደብተራቸው ላይ ትልቅ የመደመር ምልክት አደረጉ።

እኔ የመቀነስ አደረግኩ።

ቀጥሎ ጎይኮ። አርባ ሄክታር በቆሎ አለው፤ ከአጥሩ አላስገባንም። ዝናቡ ላይ አቆመን።

«አባትሽ አስፋልት ብሎ ወሰደ፣ አንቺ ጀልባ ብለሽ መጣሽ» አለኝ። «ልጅሽ ደግሞ አውሮፕላን ብሎ ይመጣል።»

«ልጅ የለኝም።»

«በዕድሜሽ የሠራሽው ጥሩ ነገር እሱ ነው።»

ከዚያ ቀጠለ። ምክር ቤቱ ሌባ ነው፣ ጀልባው ወንፊት ነው፣ ጀልባ ነጂው ሰካራም ነው። በመካከሉ ጠየቀ፦ ከየትኛው ወር ይጀምራል? ከመሬትም ይቆረጣል ወይስ ከደሞዝ ብቻ? ገንዘቡን የሚይዘው ማነው፣ በማን ፊርማ ነው የሚወጣው? መለስኩለት። ሰደበኝ። ሌላ ጠየቀ። በመጨረሻ ውሻውን ሊፈታብን ዛተ፤ ውሻው ግን እግሬ ሥር ተኝቶ ነበር።

መምህር የመቀነስ ምልክት አደረጉ፣ እኔ የመደመር። ጥግ ላይ ስንደርስ ደብተሬን አዩና ቆሙ።

«ዥቫና፣ ገልብጠሽ ነው የጻፍሽው።»

«አልገለበጥኩም፣ መምህር።»

አባቴ በድሮው ጊዜ ለአስፋልቱም ለውሃ ማማውም እንዲህ በብስክሌት እየዞረ ሰው ይጠይቅ ነበር። ሁለቱም አልፈዋል። ብዙ አያወራም ነበር፤ ስለዚህ ሥራ አንድ ነገር ነው ያስተማረኝ። የሚሰድብህ ይከፍላል፤ የሚጋብዝህን አትቁጠር። የሚሰድብ ሰው ገንዘቡ ከኪሱ ሲወጣ ታይቶታል፤ ለዚህ ነው የሚናደደው። የሚጋብዝህ ግን ቀድሞ ይቅርታ እየጠየቀህ ነው።

መምህር ይህ ሳይንስ አይደለም አሉ። ሳይንስ ነው አላልኩም።

ከዚያ ተከፋፈልን፤ እሳቸው የላይኛው መንገድ፣ እኔ የታችኛው። ከፈረቃ መልስ፣ ብስኩት ብስኩት እየሸተትኩ፣ ከአንድ በር ወደ ሌላ በር። ብዙው ቤት የሚከፍትልኝ የለም። ትልልቆቹ ቤቶች፣ በራቸው ላይ የሲሚንቶ አንበሳ ያለባቸው፣ ኦስትሪያና ጀርመን ያሉ ሰዎች ናቸው፤ በኦገስት ሦስት ሳምንት ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። በነሱ ምትክ የሚያድረው አንበሳው ነው። ሁለት መቶ ሰባ አንድ ሰው እንዲህ ያለ አለን። የሞቱትን ደግሞ ከመብራት እንጨቱ ላይ ለቀምኳቸው፦ የሞት ማስታወቂያ እንለጥፋለን፣ ፎቶና ዓመት ያለበት፤ ዝናብ ያልላጠውን እያነበብኩ ከመዝገቡ ጋር አመሳከርኩ። አሥራ አራት ሰዎች ሞተውም መራጭ ናቸው። ወረዳ ወስጄ አሳየሁ። የሚያሰርዘው ቤተሰብ ነው አሉኝ። ቤተሰቡ የታለ? ሊንዝ።

ስለዚህ መንደሩ ውስጥ የሚተነፍሰው መራጭ ስድስት መቶ ሃያ ዘጠኝ ነው። ከአራቱ ሦስቱ እሺ ማለት አለባቸው ማለት ነው። ከአራት ሰው ሦስቱ የተስማሙበት ነገር በዚህ መንደር አላየሁም፤ ዝናብ ላይ እንኳ አይስማሙም።

ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ደብተሮቹን ጠረጴዛ ላይ አገናኘን። የመምህር አምስት መቶ አርባ። የኔ አራት መቶ ሠላሳ አንድ። ሃያ ሰባት ይጎድላል።

«አንቺ ሰው አታምኚም» አሉኝ፣ በሐዘን ነው ያሉት። «ዐይኔን እያዩ ነው እኮ እሺ ያሉኝ።»

«ስንት አረቄ ጠጡ?»

ደብተራቸውን ዘጉ። ለነገሩ ያን ወር ሙሉ ጉበታቸውን ሲያማቸው ነበር።

ቀኑንም የመረጡት እሳቸው ናቸው። ኖቬምበር 29። ድሮ የነበረችው አገራችን የተመሠረተችበት በዓል ነበር። አገሪቱ የለችም፣ በዓሉም የለም፣ የቀረው አሳማ ማረዱ ነው። በዚያ ቀን መንደሩ ሁሉ ያርዳል። ጾም የገባው ትናንትና ነው፤ ቄሱ በየዓመቱ ይቆጣሉ፣ ከዚያ ቋሊማ ይላክላቸዋል፣ ዝም ይላሉ። የመምህር ሐሳብ የቂል አልነበረም። ለአሳማው ሰው ይመጣል። ከኖቪ ሳድ፣ ከቤልግሬድ፣ ከኦስትሪያም ሳይቀር። ለእናቱ ቀብር ያልመጣ ለቋሊማ ይመጣል።

እኔ አሳማ የሚያርድ ሰው እጁ አይፈታም አልኳቸው። እጅ መታጠብ አምስት ደቂቃ ነው አሉ። እሳቸው አሳማ አርደው አያውቁም፤ ሁልጊዜ ይላክላቸዋል።

ሃያ ሰባቱን ፍለጋ ወጣሁ። ስም በስም። አንዷ ልጇን ከሱቦቲትሳ እንድታመጣ ለመንኳት። የሁለት ሰዎችን መታወቂያ ለማሳደስ ሁለት ቀን ፈቃድ ወስጄ ከተማ ወሰድኳቸው፤ ፋብሪካው ሁለቱን ቀን ቆረጠብኝ። ኦስትሪያ ያሉት ጋ ደወልኩ። የክፍሌ ልጅ የነበረ አንዱ «እኔ የምመጣው ኦገስት ላይ ልዋኝ ነው፤ ለዋና ደግሞ ጀልባ አያስፈልገኝም» አለኝ። ሌላው ለአሳማው እመጣለሁ፣ ያኔ አለሁ አለ። ጻፍኩት፣ አጠገቡ የጥያቄ ምልክት አደረግኩበት።

በየጠዋቱ የጀልባው ነጂ ቶሻ ገና ብስክሌቴን ሳላስቆም ይጠይቀኛል። ቶሻ ሠላሳ ዓመት እዚያ ገመድ ላይ ነው።

«ስንት ደረስን?»

«አራት መቶ ሠላሳ ስምንት።»

«ሙታኑ እንዴት ናቸው?»

«አሥራ አራት። እንዳሉ ናቸው።»

«ሆስፒታል ሲሄዱ እኔ አሻገርኳቸው፣ በሳጥን ሲመለሱም እኔ አሻገርኳቸው። አሁን ተሰብስበው ይቃወሙኛል።»

የአባቴን ነገር ነግሬዋለሁ፤ ወዶታል። አንድ ቀን ከመኪናው ወርዶ ሲጋራ ልጋብዝህ ያለውን ሰው «ተወኝ አንተን አልቆጥርህም» አለው። ሰውየው አልገባውም። ብቻችንን ሳቅን።

ኖቬምበር አጋማሽ ላይ አራት መቶ አርባ ስድስት ደርሼ ቆምኩ። ከዚያ በላይ አልሄደም። ማታ ማታ ራዲቮይ ስልክ ላይ ጀርመንኛ ይለማመዳል፤ የዕቃ ስም። መፍቻ፣ ጓንት፣ መሰላል። እኔ ደብተር እመለከታለሁ። ስንት ሆነ ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀኝም። እንዳያስጨንቀኝ ነው ብዬ ነበር።

የድምፁ ዕለት ስነሳ ምድጃው ነዷል። ራዲቮይ ዳቦ ቆርጦ፣ የተጠበሰ ቃሪያ አድርጎበት፣ በወረቀት ጠቅልሎልኛል። የብስክሌቴን ጎማ ነፍቶታል። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ምሳ ጠቅልሎልኝ አያውቅም። ደስ አለኝ። አንገቱን ሳምኩት። ጎይኮ ዘንድ ሊያርድ ወጣ፤ በመንደሩ ቢላ የሚይዘው እሱ ነው፣ አሳማው ሳይጮህ ይጨርሰዋል ይሉታል።

ድምፅ የሚሰጠው የድሮው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። አስመራጮቹ ሦስት ነን፦ እኔ፣ መምህርና ከወረዳ የተላከች ጥፍሯን የምትሞርድ ሴት። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሲሆን የመጀመሪያዋ ሰው እናቴ ነበረች። የቤተ ክርስቲያን ልብሷን ለብሳለች፣ ጫማዋ ያብለጨልጫል።

«ራዲቮይ ነው የጠረገልኝ» አለች። «ዘንድሮ ምን ነካው?»

ፈርማ ወረቀቷን ተቀበለች። ጨርሳ ስትመጣ ሳጥኑን በእጇ መታ መታ አደረገችው፣ ላም እንደሚያባብሉ።

ጠዋቱ ጥሩ ነበር። ሰው ከመጀመሪያው አረቄ በፊት መጣ። እስከ አራት ሰዓት ሁለት መቶ ሠላሳ ሰው። የኦስትሪያ ታርጋ ያላቸው መኪናዎች በመስኮት ሲያልፉ አየሁ፤ አሥራ ሰባት ቆጠርኩ። መምህር እጃቸውን እያፋተጉ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት። ለአንድ ሰዓት ያህል እኔም አመንኩ። እውነቴን ነው።

ከዚያ ጭሱ ተነሳ። ከየግቢው፣ ቀጥ ብሎ፣ ነፋስ የለም። ስቡ ድስት ውስጥ ገባ ማለት ነው። ስብ ሲቀልጥ ካላማሰሉት ያርራል፤ ያረረ ስብ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ያሳፍራል። ድስቱን ጥሎ የሚመጣ የለም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የመጣው ሰው በእጅ ጣት የሚቆጠር ነው።

መምህር ቤት ለቤት ሊጠሩ ወጡ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ተመለሱ። አገጫቸው ላይ ቅባት አለ፣ ፊታቸው ቀልቷል፣ ሁለት ፌስታል ቋሊማ ይዘዋል። ሁሉም እመጣለሁ ብለዋል አሉ። እጃችንን ታጥበን ብለዋል።

«ሁሉም ጋበዙዎት?»

«ሁሉም» አሉ፤ ከዚያ ፌስታሉን ወለሉ ላይ አስቀመጡ። የዚያን ጊዜ የገባቸው መሰለኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ራዲቮይ መጣ። ታጥቧል፣ ፀጉሩን አበጥሯል፤ ከእጁ ላይ የሳሙና ሽታ ይመጣል። በሁለት እጁ ትልቅ ሳህን ይዟል፣ ላዩ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ። ከድስቱ አሁን የወጣ ጮማ፣ እየተንጣጣ። የወረዳዋን ሴት አስቀደመ። ቀልድ ተናገረ፤ ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። መምህርን ጋበዘ። ከዚያ ለኔ ሥጋ ያለበትን፣ ቡናማውን መርጦ በራሱ ጣት አጎረሰኝ። ሳጥኑ ክርኑ አጠገብ ነበር። ቢደገፍ ይደገፈዋል።

መምህር «እስቲ እግረ መንገድህን ጣል አድርግ፣ ራዲቮይ» አሉት።

«መታወቂያዬ ሌላው ጃኬቴ ውስጥ ነው፣ መምህር። ደረስ ብዬ እመለሳለሁ።»

አፌ ሙሉ ነበር። እያኘክሁ አየሁት። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው፣ ቅዝቃዜ እንዳይገባብን። ያለው ጃኬት አንድ ነው።

ይመለሳል አልኩ። ሥራ ላይ ነው፣ ቋሊማው አልተሞላም። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ።

አክስት ስሚሊያ አልመጡም። ለአስመራጮች ኬክ ላኩ።

ሊዘጋ ሠላሳ ደቂቃ ሲቀረው ጎይኮ ገባ። ሽርጡ ደም በደም ነው፣ ይንገዳገዳል፣ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ከፊቱ እየነዳ ነው። መታወቂያውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«ሌቦች» አለን። «ሦስቱም። የት ነው የምፈርመው?»

አራቱም ፈረሙ። ወረቀቱን ሲያጥፍ እየሰደበን ነበር፤ ሲወጣም በሩን ክፍት ጥሎት ሄደ።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን ዘጋን። ቆጠርን። የመጣው አራት መቶ ሠላሳ ስምንት። የተቃወመ አሥራ ዘጠኝ። አንዱ ወረቀት ላይ አሳማ ተሥሎበታል፣ አንዱ ባዶ ነው። ይሁን ያለ አራት መቶ አሥራ ሰባት።

«አራት መቶ አሥራ ሰባት ለአሥራ ዘጠኝ!» አሉ መምህር። ተነሥተው ነበር፣ እጃቸውን ሊያጨበጭቡ። ከዚያ ዐይኔን አዩና ቀስ ብለው ተቀመጡ። አርባ አንድ ጎደለ። የወረዳዋ ሴት ይህን ያህል ድጋፍ አግኝቶ የወደቀ ነገር አይቼ አላውቅም አለች፣ ማኅተሙን አውጥታ መታችበት። በኦገስት ቢሆን ኖሮ አሉ መምህር፤ ጨርሰው አልተናገሩትም። ኮታቸውን ለበሱ። ቋሊማውን ረስተውት ሄዱ።

ፊርማዎቹን ከወረቀቱ ቁጥር ጋር ማመሳከር የኔ ሥራ ነው። ገጽ በገጽ ገለበጥኩ። ተራ ቁጥር ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስት፣ እናቴ፣ የተንቀጠቀጠ ፊርማ። ሰማንያ ሰባት፣ እኔ። ሰማንያ ስምንት ባዶ። ገጹ ላይ ያሉት ሌሎቹ ባዶ መስመሮች የኦስትሪያዎቹ ናቸው። ከነሱ አይለይም።

ቤት ስገባ ጠረጴዛው ተዘርግቷል። ሾርባ፣ ቋሊማ፣ የተቆረጠ ሽንኩርት። ሳህኔን ሞላልኝ። አልነካሁትም።

«ስንት ጎደለ?» አለ።

«አርባ አንድ።»

ዳቦውን ቆረሰ። «እኔ ብጨመር አርባ።»

«አርባ።»

«አርባም ይወድቃል።»

«ይወድቃል። መታወቂያህ የት ነው?»

ከደረት ኪሱ አወጣና ከጨው ዕቃው አጠገብ አስቀመጠው። ሁለታችንም ፎቶውን አየነው። ፎቶው ላይ ወጣት ነው።

«ሦስት ዓመት እንከፍላለን» አለ። «በአራተኛው ዓመት ሌላ ሰውዬ ሌላ መዶሻ ይዞ ይመጣል። ዥቫና፣ እኔ ደክሞኛል። ካለፈ መቅረታችን ነው ብዬ ሴፕቴምበር ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

ተነሣሁ። አራት መቶ በር አንኳኩቻለሁ።

እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ መብራት አብርታ ተቀምጣለች። የእኛ ቤት ግድግዳ ቀጭን ነው፤ ሁሉንም ሰምታለች። ቀሚሷን አላወለቀችም፤ ጫማዋንም። ከጠዋት ጀምሮ አድርጋው ነው የዋለችው፣ ጎንበስ ማለት ስለማትችል።

«እስቲ አውልቂልኝ» አለች።

ተንበርክኬ ፈታሁላት። እግሯ አብጧል፣ ክሩ ሥጋዋ ላይ መስመር ሠርቷል።

«ጥሩ አድርጎ ነው የጠረገው» አለች።

ጫማውን በር ሥር አስቀመጥኩት።

ሰኞ ጠዋት አምስቱ ሰዎች፣ ሁልጊዜ የምንሻገረው፣ ጀልባው ላይ ነበርን። ፈቃዱ ሠላሳ አንድ ቀን ቀርቶታል። ቶሻ ገመዱን ለቀቀ፤ ብስክሌቴ አጠገብ መጥቶ ቆመ። ውሃው ላይ ጉም ነበር፣ ማዶው አይታይም።

«አርባ አንድ» አለ።

«አርባ አንድ።»

በጓንቱ ጣቶቹን እያጠፈ መቁጠር ጀመረ። ከላይኛው መንገድ ተነሣ። የፖስታ ቤቷ ልጅ መጥታለች? መጥታለች። የዳቦ ጋጋሪው ወንድሞች? አንዱ። ጎይኮ? አራት አልኩት። ሳቅ አለ፤ አይ አባትሽ አለኝ። ስሚሊያስ?

«አልመጡም። ኬክ ልከው ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። ወደ ታችኛው መንገድ ወረደ። ከኔ ቤት በፊት ያሉትን ሁለት ቤቶች ጠራ፣ መለስኩለት።

«ከናንተ ሦስት» አለና ሦስት ጣት አጠፈ።

«ሁለት።»

ጣቱን ይዞ አየኝ።

«ራዲቮይስ?»

«ጮማ አመጣ» አልኩት።

ቶሻ ሌላ ስም አልጠራም። ወደ ገመዱ ተመለሰ።